የዱቤ ደብተር ከሁጀይፍ



ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ፣ ከመሥዋዕተ ቅዳሴ በኋላ ሻይ በምንጠጣበት ሰዓት፣ አንዲት እናት በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ደብተር ከቦርሳቸው አውጥተው አሳዩኝ። ጠርዙ ተበልቷል፤ ወረቀቱም የሻይ መልክ ይዟል። «አባ፣ ይህ የእናቴ ነው። ከሁጀይፍ ይዤው የወጣሁት ነገር ቢኖር ይኸው ብቻ ነው» አሉኝ። ጽሑፉ ዓረብኛ ስለሆነ እርሳቸው እያነበቡ ተረጎሙልኝ፦ ስኳር፣ ዳቦ፣ ክብሪት፣ ሻይ ቅጠል፣ ላምባ፣ እንደገና ዳቦ፣ እንደገና ስኳር። በየመስመሩ ጫፍ ዋጋው ተጽፏል፤ የተከፈለው ገጽ በረጅም ሰረዝ ተሰርዟል። የዱቤ ደብተር ነው። ባለሱቁ ሽፋኑ ላይ ባለዕዳዋን የመዘገባት በስሟ አይደለም፤ «አል ሐበሺያ» ብሎ ነው፤ ሐበሻዪቱ ማለት ነው።

እናታቸው በዚያ ሱቅ ዐሥር ዓመት ያህል ገዝተዋል። «ስሟን አሳምሮ ያውቀዋል፤ በየቀኑ ይጠራት ነበር እኮ። ሲጽፍ ግን ሐበሺያ ይላል» አሉ፣ ቅሬታም ሳቅም በተቀላቀለበት ድምፅ። እኔ በዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለሁ የቀይ ባሕርን የተልእኮ ታሪክ ተምሬ፣ ከዚያም ወዲህ ስለ ዓደን ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ኖሬአለሁ። ያን ደብተር ካየሁ በኋላ ግን የማውቀውን ታሪክ መልሼ መመርመር ግድ ሆነብኝ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በሰው አገር፣ እንዲያውም በሰው ቤት ውስጥ የምትኖሩ ናችሁና፣ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ ወደድሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድሞ ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። ዓደን የጠፋ እሳተ ገሞራ በሠራው፣ ወደ ባሕር በገባ ድንጋያማ ምድር ላይ የቆመች ከተማ ናት። አሮጌው ሰፈር በእሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ ስለ ተቀመጠ እስከ ዛሬ ክሬተር ይባላል። በላዩ ሸምሳን የተባለው ተራራ ይታያል። ከተራራው ወዲህ ማዶ፣ ወደቡን ተከትሎ መዓላ ይገኛል፤ በምዕራቡ ጫፍ ደግሞ የመርከብ መንገደኞች የሚወርዱበት ተዋሂ አለ። ሁጀይፍ በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ ተራራው ወደ ባሕሩ ተጠግቶ መንገዱን በሚያጠብበት ዘንድ ያለ ትንሽ ሰፈር ነው። በእንግሊዞች ዘመን መዛግብት ስሙ «ሄጁፍ» እየተባለ ተጽፎ ይገኛል።

እንግሊዞች ዓደንን በጦር የያዙት ጥር 19 ቀን 1839 ነው። በዚያው ዓመት ሕዝቡን ቢቆጥሩ 1,289 ሰው ብቻ አገኙ፦ 617 ዓረቦች፣ 574 አይሁድ፣ 63 ሶማሌዎችና 35 የሕንድ ባንያኖች። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ሐበሻ የሚል ዓምድ የለም። ከዚያ በኋላ ከተማዋ በፍጥነት አደገች፤ ከሕንድ ወደ አውሮፓ የሚመላለሱት የእንፋሎት መርከቦች ከሰል የሚጭኑት በእርሷ ነበርና። በ1869 የስዌዝ ቦይ ሲከፈት ደግሞ ወደቡ ይበልጥ ሞቀ። ከየመን ደጋ፣ ከሶማሌ ጠረፍ፣ ከቦምቤይ ሰው ጎረፈ። ከእኛም አገር ሰዎች ተሻገሩ፤ አንዳንዱ ከነጋዴ ጋር፣ አንዳንዱ የኢየሩሳሌምን መንገድ ይዞ፣ ብዙው ግን ሳይወድ፣ በባሪያ ፈንጋይ ጀልባ ተጭኖ።

በዚያች ከተማ ቤት ማቆም ማለት መግዛት ማለት ነበር። ዛፍ የለም፤ ማሳ የለም፤ ከደጅ የሚቀጠፍ ጎመን እንኳ አይታሰብም። ውኃው ሳይቀር የባሕር ውኃ በእሳት ተጣርቶ፣ ወይም ከሼክ ዑስማን በኩል መጥቶ የሚገኝ ነበር። በገንዘብ በኩል ሁለት ዓይነት ሒሳብ ይሠራበታል፦ አንደኛው የሕንድ ሩፒ ሲሆን በ16 አና ይመነዘራል፤ ሁለተኛው አያቶቻችን ጠገራ የሚሉት የማርትሬዛ ብር ነው። ሩፒው እስከ 1951 ድረስ በዓደን ሲሠራበት ቆይቷል። እንግዲህ ከጎጃም ወይም ከሸዋ የመጣች አንዲት ሴት በቤቷ ያለ ሒሳብ የምታገኛቸውን ነገሮች፣ ውኃንና ማገዶን፣ እዚያ በአና እየቆጠረች መግዛት ነበረባት። የቤት ኪራይ፣ የምግብና የመጓጓዣ ወጪ የምታሰሉ እናንተ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልጋችሁም።

አሁን ወደ 1884 ልውሰዳችሁ። በዚያ ዓመት በክሬተር አልፍሬድ ባርዴ የተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴ ቡናና ቆዳ የሚነግድበት ድርጅት ነበረው። ከሠራተኞቹ አንዱ አርቱር ራምቦ ነው፤ ሐረር የሄዳችሁ በስሙ የሚጠራውን ቤት ሳታዩ አልቀራችሁም። ቅኔ መጻፉን ትቶ ነጋዴ የሆነው ይህ ሰው፣ የድርጅቱ የሐረር ቅርንጫፍ ሲዘጋ ወደ ዓደን ተመለሰ። ቀድሞ ከባርዴ ጋር ይበላና ያድር ነበር፤ አሁን ግን ለብቻው ቤት ተከራየ። በዚያ ቤት አንዲት ሐበሻ ሴት አብራው ትኖር እንደ ነበር ባርዴ ራሱ በኋላ መስክሯል።

ስለዚህች ሴት የምናውቀው ከሞላ ጎደል ሁሉ የመጣው ከአንዲት የቤት ሠራተኛ ነው። ፍራንሷዝ ግሪዛር ትባላለች፤ በባርዴ ቤት የምታገለግል ፈረንሳዊት ነበረች። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ራምቦ ቤት ትሄዳለች፤ ለሴቲቱ ስፌት ታስተምራት እንደ ነበር ይነገራል። በ1897፣ ባለቅኔው ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ የእኅቱ ባል የሕይወት ታሪኩን ሊጽፍ ፈልጎ ስለዚያ ቤት ጠየቃት፤ እርሷም የምታስታውሰውን በደብዳቤ መለሰች። ሐሳቡን በራሴ አነጋገር ላቅርብላችሁ። ሴቲቱ ረዥምና ቀጭን፣ መልኳም ያማረ ነበር። ለተወሰነ ጊዜ እኅቷ አብራት ነበረች። እንደ አውሮፓውያን ትለብሳለች፤ የቤታቸው ውስጥ አያያዝ ግን እንደ አገሩ ሰው ነው። ከቤት የምትወጣው በምሽት ብቻ፣ ያውም ከእርሱ ጋር ነው። ሲጋራ ማጨስ ትወዳለች። ካቶሊክ ናት። እርሱ ይራራላት ይመስል ነበር፤ ሊያስተምራትም አስቦ፣ ለጥቂት ጊዜ በሚሲዮኑ እኅቶች ዘንድ፣ አባ ፍራንሷ በሚባሉት ካህን በኩል ሊያስቀምጣት እንደሚፈልግ ነግሯታል። ስሟን ግን፣ ትላለች ፍራንሷዝ፣ ረስቼዋለሁ።

በዚህ ላይ ጥቂት ቆዩልኝ። ያ ቤት ለሌላ እንግዳ የተከፈተ አይመስልም፤ ፍራንሷዝ ራሷም እርሷ ብቻ መፈቀዷ ያስገርማት ነበር። የባርዴ ድርጅት መዝገብ የቡናውን ከረጢት ቆጥሯል። የታሪክ ጸሐፊዎች ራምቦ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ ይዞት የወጣውን የጦር መሣሪያ ሳይቀር ቆጥረው አስቀምጠውልናል፦ 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት። በክሬተር በቤት ውስጥ ተዘግታ የምትውለውን ካቶሊካዊት ሐበሻ ግን የቆጠረ የለም። ስለ ልብሷ፣ ስለ እኅቷ፣ ስለ ሃይማኖቷ አንዳች የምናውቀው አንዲት የሰው ቤት ሠራተኛ የዕረፍት ጊዜዋን ለእርሷ ስለ ሰጠች ነው። ፍራንሷዝ ታሪክ እጽፋለሁ ብላ አልሄደችም። መርፌና ክር ይዛ ሄደች። ስሙ መረሳቱ ያሳዝናል፤ ነገር ግን ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ሃይማኖቷን ሳትዘነጋ መጻፏን ሳስብ፣ በእነዚያ እሑዶች ሁለቱ ስለ ጸሎት ተነጋግረው ይሆን እላለሁ። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ በደብዳቤው ውስጥ የለም።

መጨረሻው መልካም አልነበረም። ራምቦ ለአንድ ጣሊያናዊ ወዳጁ በጻፈው፣ ቀን በሌለውና ሊቃውንት ከ1885 ገደማ ነው በሚሉት ደብዳቤ፣ አንዲትን ሴት እንዳሰናበታት ይናገራል፤ ጥቂት ብር ሰጥቶ በጀልባ ወደ ኦቦክ እንደሚልካት፣ ከዚያም ወደ ወደደችበት እንደምትሄድ ይገልጣል። አነጋገሩ ደረቅ ነው። ያቺው ሴት ትሁን ሌላ፣ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። ከዚህ ጋር ግን ሌላ ነገር አስተያዩ። ያው ሰው በ1891 ማርሴይ ሆስፒታል ሲሞት ጃሚ የተባለውን ሐረሬ አገልጋዩን ደጋግሞ ያነሳ ነበር፤ እኅቱም 3,000 ፍራንክ እንዲሰጠው አደረገች። ጃሚ ሞቶ ስለ ተገኘ፣ የሐረሩ ካቶሊካዊ ጳጳስ አቡነ ቶሬን ካኛ ገንዘቡን ለወራሾቹ አደረሱ። ገንዘብ የሚላክለት ሰው ስሙ ተጣርቶ መጻፍ አለበትና የጃሚ ስም እስከ እኛ ደረሰ። ጥቂት ብር በእጇ ጨብጣ ጀልባ የተሳፈረችው ግን ደረሰኝ አልተጻፈላትም።

ታሪክ ስም የሚጽፈው ማን ሲሆን ነው? የዓደን ታሪክ ራሱ አንድ መልስ ይሰጣል። በመስከረም 1888 ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ሦስት የባሪያ ጀልባዎችን ይዛ፣ በውስጣቸው የነበሩትን 204 ልጆች ዓደን አወረደች። አብዛኞቹ ኦሮሞዎች ነበሩ። ከእነርሱ ብዙዎቹን ሼክ ዑስማን የነበረው የስኮትላንድ ፕሮቴስታንት ሚሲዮን ተቀበለ፤ 64ቱ በ1890 ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ወደ ላቭዴል ትምህርት ቤት ተላኩ። እነዚህን ልጆች አንድ በአንድ አስቀምጠው፣ በራሳቸው ቋንቋ፣ አባትህ ማን ይባላል፣ ስንት ከብት ነበራችሁ፣ ከቤት ማን ወሰደሽ ብለው ጠየቋቸው፤ የተናገሩትም ተጻፈ። በዚህ ምክንያት ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው የመጡበትን ያውቃሉ። ከልጆቹ አንዷ ቢሾ ጃርሳ፣ የታወቀው የደቡብ አፍሪካ ምሁር የኔቪል አሌክሳንደር አያት ናት። የሌላ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሥራ ቢሆንም ምስጋናዬን አልነፍጋቸውም።

ይህን ስል ግን ዓረቡ ብቻ ጸሐፊ፣ ሐበሻው ብቻ ተጻፊ እንደ ነበረ እንዳታስቡ። ባሕሩ ወዲያና ወዲህ ይሻገሩበታል። ከዐሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የመኖች ወደ አገራችን መጡ። የባቡሩ ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ተከትለውት ገቡ፤ ሐዲድ በሌለበትም በበቅሎ ሄዱ። ደሴ፣ ጅማ፣ ድሬዳዋ፣ አዲስ አበባ ላይ ያደጋችሁና ዕድሜያችሁ ከእኔ ጋር የሚቀራረብ ሁሉ ዓረብ ቤትን ታስታውሳላችሁ። ሲነጋ የሚከፈተው፣ ሲመሽ የሚዘጋው፣ ባለቤቱ ከመደርደሪያው በስተኋላ የሚያድርበት ያ ጠባብ ሱቅ! የሳንቲም ስኳር በጋዜጣ ወረቀት ተጠቅልሎ ይሰጣል፤ ላምባ በጠርሙስ ይቀዳል፤ ክብሪት፣ ሻማ፣ ጨው፣ ተምር፣ በበዓል ዋዜማ ሙሽበክ። ባለሱቁ አማርኛውን አቀላጥፎ ይናገራል፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ እያደረገ እኛን ልጆቹን ያስቀናል። ለተላከ ልጅም ከሚዛኑ በላይ ጥቂት ይጨምርለታል። ያቺን ጭማሪ በአማርኛችን ምርቃት እንላታለን። ካህን ሆኜ ስንት ጊዜ ምርቃት ሰጥቻለሁ፤ ቃሉን አስቀድሜ የሰማሁት ግን ከዓረብ ቤት ደጃፍ፣ መዳፌ ላይ ከወደቀች አንዲት ከረሜላ ጋር ነው።

እነዚህ ነጋዴዎች ብዙዎቹ ከእኛው ሴቶች ጋር ተጋቡ፤ ቤተሰብ መሠረቱ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ፣ በተለይም በ1975 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱና ንግዱ ሲጠብ፣ ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ተመለሱ፤ ከፊሉ ወደ ሰሜን የመን፣ ከፊሉ ወደ ዓደን። ልጆቹ እዚያ ሙወለድ ተባሉ፤ ቅልቅል ማለት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ዓረብ ሲባሉ ያደጉ ልጆች፣ የአባታቸው አገር ሲደርሱ ሐበሻ ሆነው ተገኙ።

ደብተሩን ያሳዩኝ እናት ከእነዚህ አንዷ ናቸው። አባታቸው ደሴ ላይ ዓረብ ቤት ነበራቸው። እናቲቱ ክርስቲያን፣ አባትየው ሙስሊም፤ በወሎ ይህ ቤት የሚያፈርስ ነገር አይደለም። በ1976 ዓደን ሲደርሱ መጀመሪያ በዘመድ ቤት ተጠጉ፤ ኋላ ሁጀይፍ ውስጥ ሁለት ክፍል አገኙ። አባታቸው በወደቡ ሥራ ገቡ። እንግሊዞች በኅዳር 1967 ወጥተዋል፤ መንግሥቱ ሶሻሊስት ሆኗል፤ በመዓላ ሰፊ ጎዳና ግራና ቀኝ ለእንግሊዝ ወታደሮች ቤተሰብ ተብለው በተሠሩት ፎቆች የአገሩ ሰው ይኖርባቸዋል። እናቲቱ ዓረብኛ አይችሉም። ከሰው ጋር ያገናኛቸው የመጀመሪያው ነገር ሱቁ ነው። «ሩቲ» የምትለውን ቃል አስቀድመው ተማሩ፤ ዓደኖች የዳቦውን ስም የወሰዱት ከሕንዶች ነው። ጠዋት ሩቲ፣ ከሰዓት ስኳር፣ ማታ ላምባ፤ በአንድ ጊዜ ገዝተው መጨረስ ይችሉ ነበር፤ ግን ሦስት ጊዜ ይመላለሱ ነበር ይላሉ ልጃቸው። ለምን ብዬ ጠየቅሁ። «ሰው ለማየት ነዋ፣ አባ!»

እንጀራው ችግር ነበር። ጤፍ በመንገደኛ ካልተላከ አይገኝም፤ በርበሬም እንዲሁ። የየመኖች ላሑሕ ዓይን ያለው፣ ስስ፣ እንጀራን የሚመስል ነው፤ እናቲቱ ከማሽላ ዱቄት ጋር እያቀላቀሉ አንድ ስም የሌለው ነገር ጋገሩ፤ ልጆቹም ወደዱት። ቡናው ግን አላስቸገረም። ከሰዓት በኋላ ከሰል አቀጣጥለው ቡና ሲቆሉ ጭሱ በመስኮት ይወጣል። ፎቅ ላይ ያሉት የመናዊት ጎረቤት መጀመሪያ እሳት የተነሣ መስሏቸው ደንግጠው ወረዱ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሳይጠሩ ይመጡ ጀመር፤ ባዶ እጃቸውንም አይመጡም፤ በስቡሳ ወይም ሔል ያለበት የወተት ሻይ ይዘው ይወርዳሉ። በሰፈሩና በመዓላ ከነበሩት ሐበሻ ሴቶች ጋር ደግሞ እቁብ ጣሉ። አምስት ነበሩ። ወር በገባ የጁምዓ ቀን እየተሰበሰቡ በዲናር ያዋጣሉ። የእናቲቱ ዕጣ ሲወጣ የልብስ ስፌት መኪና ገዙበት፤ ለጎረቤት ልጆች የትምህርት ቤት ልብስ በመስፋትም የሱቁን ዱቤ መክፈል ቻሉ። የእቁቡን ስም ዝርዝር የያዘች አንዲት ወረቀት ነበረች ይላሉ፤ በአማርኛ፣ የአምስቱም ስም ከነአባታቸው። እርሷ ጠፍታለች። የቀረው ሐበሺያ የሚለው ደብተር ነው።

ጥር 13 ቀን 1986 በገዥው ፓርቲ መሪዎች መካከል የተነሣው ጠብ ዓደንን የጦር ሜዳ አደረጋት። የእንግሊዝ ንግሥት መርከብ ብሪታኒያ ሳትቀር መጥታ ከባሕሩ ዳር የውጭ ዜጎችን አንሥታለች፤ ይህን ዓለም ሁሉ ያውቃል። የሁጀይፏ እናት ግን አገሩ የባላቸው ነውና የሚያነሣቸው መርከብ አልነበረም። ልጆቹን በኮሪደር አስተኝተው፣ መስኮቱን በፍራሽ ከልለው ተቀመጡ። ውኃ ተቋረጠ። ባለሱቁ በሦስተኛው ቀን ተኩሱ ጋብ ሲል በጓሮ በር መጥቶ ዱቄት፣ ስኳርና አንድ ጀሪካን ውኃ አስቀምጦ ሄደ። ደብተሩ ላይ አልጻፈውም። ልጃቸው ገጹን አሳዩኝ፤ በዚያ ወር መካከል ባዶ ቦታ አለ፤ ከዚያም እንደ ቀድሞው ሩቲ፣ ስኳር ይቀጥላል። አስቡት እንግዲህ፤ ያንኑ ሰው በሽፋኑ ላይ በጻፈው ልወቅሰው ጀምሬ ነበር።

ከሁጀይፍ ወደ ተዋሂ ሲሄዱ የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ ቤተ ክርስቲያን አለች። ካፑቺን አባቶች በዓደን ያገለገሉት ከዐሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ነው፤ በ1888 ዓደን ራሷን የቻለች ሐዋርያዊት ቪካሪያት ስትሆን የመጀመሪያው ጳጳስ አቡነ ሉዊ ላሴር ቀድሞ በአገራችን በኦሮሞ ተልእኮ የሠሩ ነበሩ። የዚያ ሁሉ ታሪክ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። አንድ ቀን ግን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም።

መጋቢት 4 ቀን 2016፣ ዓርብ ጠዋት፣ ታጣቂዎች ሼክ ዑስማን ወደሚገኘው የማዘር ትሬዛ እኅቶች የአረጋውያንና የአካል ጉዳተኞች ቤት ገቡ። 16 ሰው ገደሉ። አራቱ እኅቶች ናቸው፦ እኅት አንሰልም ከሕንድ፣ እኅት ማርጌሪትና እኅት ሬጂኔት ከሩዋንዳ፣ እኅት ጁዲት ከኬንያ። ሕንዳዊውን ካህን አባ ቶም ኡዙናሊልን ይዘው ሄዱ፤ እስከ መስከረም 12 ቀን 2017 ድረስም አልለቀቋቸውም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በቀጣዩ እሑድ እኅቶቹን የዘመናችን ሰማዕታት ብለው ጠሯቸው። ከተገደሉት መካከል ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ነበሩ። ስደት ያመጣቸው ክርስቲያኖች ናቸው፤ በዚያ ቤት አረጋውያኑን የሚያነሡ፣ ወጥ ቤት የሚላላኩ፣ ለቁርስ የጎደለውን የሚያመጡ። በዚያ ሰሞን ያነበብኋቸው ዜናዎች የአራቱን እኅቶች ስም በየተራ ሲዘረዝሩ፣ የእኛን ልጆች «ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች» ብለው አለፏቸው።

ሰሞኑን ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ፣ በቤታችን ስላለው መዝገብም አሰብሁ። የተጠመቀ፣ የተጋባ፣ ያረፈ በመዝገባችን ስሙ አለ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሻይ ለመጠጣት ብቻ የምትመጣው፣ አሠሪዎቿ በወር አንድ ቀን የሚለቅቋት፣ ከኋላ ተቀምጣ ሳትናገር የምትሄደው ልጅ ግን የለችም። ስለዚህ ከጥቂት ወራት ወዲህ ከሻይ ጠረጴዛው አጠገብ አንድ ደብተር አስቀምጠናል። ርካሽ ነው፤ ከማእዘኑ ሱቅ ገዛነው። ፈቃደኛ የሆነ ስሙን፣ የአባቱን ስምና የተወለደበትን ቦታ ይጽፍበታል። መጻፍ የማይችል ያስጽፋል። ባለፈው እሑድ 23 ስም ነበረበት፤ ሁለቱን ማንበብ አልቻልሁም፤ የጻፋችሁት ስትመጡ አስነብቡኝ።

የሁጀይፏ ልጅም ስማቸውን ጻፉ። ከዚያ ያንን አሮጌ ደብተር ከጨርቁ ፈትተው፣ «አባ፣ እዚህ ላይም ይጻፉልኝ፤ የእኔ አማርኛ ጽሕፈት አያምርም» ብለው እርሳስ ሰጡኝ። ከ«አል ሐበሺያ» በታች የእናታቸውን ስም ከነአባታቸው ጻፍሁ። ወረቀቱ ከማርጀቱ የተነሣ እርሳሱን አልቀበል ብሎ ሁለት ጊዜ ደገምሁበት። ስሙ ማን እንደሆነ ልነግራችሁ ፈቃድ ጠይቄ ነበር። «ለአደባባይ አይደለም፤ ለቤት ነው» አሉኝ፤ ደብተሩንም መልሰው ጠቀለሉት።